ትልቁን ተጎታች ቤት ተራራ ሥር የት እናቁመው? ሸለቆው፣ ጫካው ወይስ ሜዳው

9.5 ሜትር የሚረዝም ተጎታች ቤት ይዤ መጀመሪያ ወደ ተራራ የወጣሁ ዕለት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ ጠባብ የጫካ መንገድ ውስጥ ገብቼ ቀረሁ። ከፊቴ 3 ቶን ብቻ የሚችል የእንጨት ድልድይ፣ በግራዬ ገደል፣ በቀኜ ጥቅጥቅ ያለ ጥድ። መዞር የሚባል ነገር የለም። 400 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ለመመለስ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ባለቤቴ የእጅ ባትሪ ይዛ ከኋላ ከኋላ እየሄደች «ቀኝ! ቀኝ! ቁም!» ትላለች፤ እኔ ደግሞ ተጎታቹ ወደ ቀኝ እንዲሄድ መሪውን ወደ ግራ እያዞርኩ ላቤ ይንጠፈጠፋል። ያን ቦታ የመረጥኩት ፎቶግራፍ አይቼ ነበር። ሐይቁም፣ በረዶ የለበሰው የተራራ ጫፍም ፎቶው ላይ አሉ፤ መንገዱ ግን የለም።

ከዚያ ወዲህ ቦታ ስመርጥ መጀመሪያ የምጠይቀው «እዚያ ደርሼ የት እዞራለሁ?» የሚለውን ነው። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽርም የተሠራው በዚሁ ዓይን ነው። ትልቅ የምለው ከ8 ሜትር በላይ የሚረዝመውን፣ ዕቃ ሲሞላ ከ3 እስከ 4.5 ቶን የሚመዝነውን ነው፤ ከሚጎትተው ፒካፕ ጋር ሲያያዝ ርዝመቱ ወደ 15 ሜትር ይጠጋል። ትንሽ ተጎታች ያለው ሰው ከዚህ ሁሉ ግማሹ አይመለከተውም፤ ታድሎ።

አማራጮቹ በጥቅሉ ሦስት ናቸው። አንዱ ከተራራው ግርጌ፣ ሸለቆ ውስጥ የሚገኝ፣ ውሃ፣ መብራትና የፍሳሽ መስመር የተዘረጋለት ማረፊያ ነው። ሁለተኛው ጫካ ውስጥ ያለ፣ ቦታዎቹ የተለዩ፣ መጸዳጃ ቤትና የእሳት ማንደጃ ያለው፣ ነገር ግን መብራትና ፍሳሽ ብዙ ጊዜ የሌለው የሕዝብ ካምፕ ነው። ሦስተኛው በፈቀዱት ስፍራ የሚቆሙበት፣ ምንም ያልተሠራበት ሜዳ ነው።

ከቦታው በፊት መንገዱ

ሰው ሁሉ ስለ ዳገቱ ይጨነቃል። ዳገት ቢብስ ያዘገያል እንጂ ሌላ ምን ያደርጋል? የሚያስፈራው ቁልቁለቱ ነው።

ፒካፑና ተጎታቹ ተደምረው 7,000 ኪሎ ይመዝኑ እንበል። 6 ከመቶ በሆነ ቁልቁለት 10 ኪሎ ሜትር ሲወርዱ ከፍታው 600 ሜትር ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ የሚለቀቀው ጉልበት 41 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው፤ 120 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ ሙቀት ማለት ነው። የተወሰነውን ነፋሱና የጎማው ሰበቃ ይወስዱታል። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ የፍሬን ሸራው ይቃጠልበታል። ስለዚህ ከባዱ (ዝቅተኛው) ማርሽ የሚገባው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ ይዞ ፍጥነት መቀነስ፣ ከዚያ መልቀቅ፤ እግርን ፍሬን ላይ አስደግፎ እስከ ታች መውረድ ግን የሸራ ሽታ እያሸተቱ መውረድ ነው።

ከፍታ ሞተሩንም ያደክመዋል። ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 ከመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ሜዳ ላይ እንደ ልብ የሚጎትት መኪና 2,700 ሜትር ላይ ሩብ ያህሉን ታች ትቶት ወጥቷል ማለት ነው። ቱርቦ ያለው ጉዳቱ በጣም ያነሰ ነው፤ ተራራ የሚያዘወትር ሰው መኪና ሲመርጥ ይህን ማየት አለበት።

አንዳንዱ መንገድ ደግሞ ጭራሽ የተከለከለ ነው። በአሜሪካ ሞንታና ግዛት የሚገኘውን የግላሲየር ብሔራዊ ፓርክ የሚያቋርጠው ዝነኛ የተራራ መንገድ፣ በመካከለኛው ክፍሉ ከ6.4 ሜትር የሚረዝም ተሽከርካሪ አያስገባም፤ ልኬቱ መኪናውና ተጎታቹ ተደምረው ነው። በዋዮሚንግ የሚገኘው የቲተን መተላለፊያ 10 ከመቶ ይደርሳል፣ በክረምት ወራትም ለተጎታች ዝግ ነው። የስልክ ካርታ ይህን ሁሉ አያውቅም፤ አጭሩን መንገድ አሳይቶ ዝም ይላል። የተሽከርካሪ ቁመት፣ ርዝመትና ክብደት ተሞልቶለት መንገድ የሚመርጥ መሣሪያ ለትልቅ ተጎታች ቅንጦት አይደለም።

ሦስቱን አማራጮች በመንገድ ብቻ ካወዳደርናቸው ሸለቆው ያለ ጥርጥር ያሸንፋል። አብዛኛውን ጊዜ የጭነት መኪና የሚሄድበት አውራ ጎዳና ዳር ስለሚገኝ፣ የጭነት መኪኖቹ የዞሩትን ኩርባ እርስዎም ይዞሩታል።

ሸለቆው

ሸለቆ ውስጥ ያለውን ማረፊያ ብዙዎች ይንቁታል። «ተራራ ድረስ ሄጄ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ልደር?» ይላሉ። ቅሬታው እውነት አለው። ቦታዎቹ የተጠጋጉ ናቸው፣ የመንገዱ ድምፅ ይሰማል፣ የሚታየው ጫፍም ሩቅ ነው። ግን ትልቅ ተጎታች ቤት ራሱ ምንድን ነው? አልጋ፣ ወጥ ቤት፣ መታጠቢያና ማሞቂያ ያለው ቤት ነው። ቤት ደግሞ አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ የሚዞረው ሰው ነው። ተጎታቹን ፈትቶ፣ ታኮ አስገብቶ፣ በማግስቱ በባዶ ፒካፕ ወደ ላይ መውጣት ሁሉንም የተራራ መንገድ ይከፍታል፤ ርዝመት ያስከለከለው መንገድ እንኳ ለፒካፑ ብቻ ሲሆን ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል።

ቦታ ሲይዙ በስልክ የሚጠየቁ ነገሮች አሉ። «የቦታው ርዝመት ስንት ነው?» ብቻውን በቂ ጥያቄ አይደለም። መኪናውን ይጨምራል ወይስ ተጎታቹን ብቻ? ተንሸራቶ የሚወጣው የጎን ክፍል ሲዘረጋስ ዛፍ ወይም የመብራት ምሰሶ ይነካል? በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው የሚወጣበት ቦታ ካለ አያመንቱ፤ ዕይታው ቢያንስም ይውሰዱት። አመሻሽ ላይ ደክሞዎት ሲደርሱ እኔን ያስታውሱኛል።

መብራቱን በተመለከተ፣ በሰሜን አሜሪካ ማረፊያዎች የተለመዱት 30 እና 50 አምፒር ናቸው፤ ልዩነታቸው ከቁጥሩ በላይ ይሰፋል። 30ው በ120 ቮልት 3,600 ዋት ሲሰጥ፣ 50ው ሁለት መስመር ስላለው እስከ 12,000 ዋት ያደርሳል። በአውሮፓ 16 አምፒር በ230 ቮልት ከ30ው ጋር እኩል ያህል ነው፤ ከዚያ ያነሰ፣ 6 ወይም 10 አምፒር ብቻ የሚሰጥም ማረፊያ አለ፤ እዚያ ማሞቂያና የውሃ ማፍያ አንድ ላይ ሲበሩ ማቋረጫው ይወድቃል። ሁለት አየር ማቀዝቀዣ ላለው ተጎታች 50ው ያስፈልጋል። ነገር ግን አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ፣ ተራራ አካባቢ ማቀዝቀዣ የሚያሠራ ሰው ብዙ አይደለም፤ 30ው ይበቃል።

ሸለቆ አንድ ድብቅ ጠባይ አለው። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ይከብድና እንደ ውሃ እየተንሸራተተ ታች ይጠራቀማል። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት የሸለቆው ወለል ከፍ ብሎ ካለው ተዳፋት ይልቅ ሊበርድ ይችላል። የውሃ ቱቦው ከነጭራሹ በረዶ ሆኖ ማደሩ የሚገርመው ያልለመደውን ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አመሻሽ ላይ የውስጡን ታንከር ሞልቶ፣ ቱቦውን ነቅሎና አፍስሶ፣ ሌሊቱን በራስ ፓምፕ መጠቀም። የፍሳሹን ቧንቧም ከፍቶ አለመተው ነው፤ ቀስ እያለ የሚንጠባጠበው ውሃ ውስጡ ይጋገራል።

ሸለቆውንና ተራራውን አንድ ላይ የሚሰጥ ቦታ አልፎ አልፎ ይገኛል። በአሜሪካው የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው የፊሺንግ ብሪጅ ማረፊያ ውሃም፣ መብራትም፣ ፍሳሽም አለው። ግን አካባቢው የግሪዝሊ ድብ መመላለሻ ስለሆነ ግድግዳው ጠንካራ የሆነ ተጎታች ብቻ ነው የሚገባው፤ ድንኳን አይፈቀድም፣ አልጋው በሸራ ተሸፍኖ ወደ ውጭ የሚዘረጋ ተጎታችም እንደ ድንኳን ይቆጠራል። እንዲህ ያለውን ቦታ የሚፈልገው ብዙ ስለሆነ ከወራት በፊት መያዝ አለበት።

ጫካው

የጫካ ካምፕ ለትልቅ ተጎታች የሚያስቸግረው በአጋጣሚ አይደለም፤ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በአሜሪካ ሰው መኪናውን በየዛፉ ሥር እያቆመ ሲያድር፣ ሥሮቹን የሸፈነው አፈር እየታመቀ ደኑ መድረቅ ጀመረ። ኢሚሊዮ ማይነኪ የተባለ የአሜሪካ ደን አገልግሎት የዕፅዋት በሽታ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1932 መፍትሔ አቀረበ፦ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር ጠባብ መንገድ፣ ከመንገዱ የምትገነጠል አጭር ማቆሚያ፣ መኪና እንዳያልፍ ዙሪያውን ድንጋይና ግንድ። ከ1933 እስከ 1942 የሲቪል ጥበቃ ጓድ የሚባለው የወጣቶች የሥራ ዘመቻ በዚህ ሐሳብ ብዙ ካምፖችን ሠራ። እነዚያ ማቆሚያዎች የተለኩት በዘመኑ መኪና ነው። ዛሬ 15 ሜትር ይዘን ስንመጣ ድንጋዩ የሚጠብቀን ለዚህ ነው። በእርግጥ የተስፋፉና አዲስ የተሠሩ አሉ፤ ግን ያረጀ ካምፕ ከሆነ እስኪያዩት አይመኑት።

በወረቀት ላይ «12 ሜትር» የሚል ማቆሚያ 12 ሜትር ቀጥ ያለ ላይሆን ይችላል። መሃሉ ላይ ከታጠፈ 9.5 ሜትር ቀጥ ያለ ቤት አይገባበትም። ከኋላ ጎማዎች አልፎ የሚወጣው የተጎታቹ ጭራ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። መኪናው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ጭራው ወደ ግራ ይወነጨፋል፤ ብዙ ተጎታች የሚቀደደው በፊት ሳይሆን በዚህ ጥግ ነው። ጣሪያው ላይ አየር ማቀዝቀዣ ካለ ቁመቱ 3.4 ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ የዛፍ ቅርንጫፍ ደግሞ በየዓመቱ ያድጋል። ወደ ኋላ የሚገባበት ማቆሚያ ሲመርጡ በሾፌሩ በኩል ያለውን ያስቀድሙ፤ ጭራዎን በመስኮት እያዩ ይገባሉ። በሌላው በኩል ከሆነ መስተዋት ላይ የሚታየው የተጎታቹ ጎን ብቻ ነው፣ ቀሪው እምነት ነው።

ጫካውን የምመርጥበት ምክንያት ግን አለኝ። ማታ ዝም ይላል። ልጆች መንገዱ ላይ ብስክሌት ይነዳሉ። የእግር መንገዱ ከደጃፍ ይጀምራል። ተጎታቹ ከ8 እስከ 8.5 ሜትር ከሆነና ቀኑ ሳይመሽ ከደረሱ፣ ሦስት ወይም አራት ሌሊት በባትሪ ለማደር ፈቃደኛ ከሆኑ፣ ከሦስቱ ውስጥ ነፍስ ያለው ይህ ነው።

የባትሪውን ነገር ግን እናስላው። ማሞቂያው የሚነደው በጋዝ ቢሆንም ሙቀቱን የሚነፋው ማራገቢያ በ12 ቮልት 8 አምፒር ያህል ይበላል። 100 አምፒር ሰዓት የሚይዝ ተራ የአሲድ ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጠው ግማሹን ነው፤ 50ን ለ8 ብናካፍለው 6 ሰዓት ከሩብ ይሆናል። ማራገቢያው ግማሹን ጊዜ ብቻ ቢሠራ አንድ ቀዝቃዛ ሌሊት ያሳድራል፣ ያውም መብራትና ፓምፕ ሳይቆጠር። ሊቲየም ባትሪ ሁለት እጥፍ ያህል ይሰጣል፤ ግን ሙቀቱ ከዜሮ በታች ሲሆን መሙላት አይቻልም፣ ይበላሻል። ከቤት ውጭ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠው ሰው ጠዋት ላይ ፀሐይ ወጥታ ባትሪው እንቢ ሲለው ምክንያቱ ይኸው ነው። ሶላሩስ? ጥድ ሥር ሶላር ጌጥ ነው። ጄኔሬተር በተወሰኑ ሰዓታት ይፈቀዳል፤ እሱም እንደ ሞተሩ በከፍታ ይደክማል፣ 2,000 ዋት የተባለው 2,700 ሜትር ላይ 1,500 ዋት እንኳ አይሞላም።

ሜዳው

ምንም ያልተሠራበት ሜዳ ላይ መቆም ሲያምር እንደሱ የለም። ከሰው ጋር አይጋፉም፣ ሰማዩ ሁሉ የእርስዎ ነው፣ ሶላሩም ይሠራል። በአሜሪካ ብሔራዊ ደኖች በብዙዎቹ አንድ ቦታ እስከ 14 ቀን መቆየት ይፈቀዳል። በሌላ አገር ሙሉ በሙሉ የሚከለከልበትም አለ፤ ደንቡን የሚያውቀው የአካባቢው የደን ወይም የፓርክ ቢሮ ነው።

እዚህ የሚወስነው ውሃ ነው። 200 ሊትር ታንከር 200 ኪሎ ነው፤ ያን ሁሉ ዳገት ተሸክሞ መውጣት ሞኝነት ይመስላል፣ ላይ ንጹሕ ውሃ ከሌለ ግን አማራጭ የለም። በሰው በቀን ከ15 እስከ 20 ሊትር ብቻ የሚጠቀሙ ሁለት ሰዎች አምስት ስድስት ቀን ይቆዩበታል። ብዙ ጊዜ ግን ቀድሞ የሚያስወጣዎት የንጹሑ ማለቅ ሳይሆን የእጣቢው ታንከር መሙላት ነው። መሬት ላይ መልቀቅ ደግሞ አይታሰብም። ታንከሮቹ የት እንዳሉም ይወቁ፦ ከተጎታቹ ክብደት ከ10 እስከ 15 ከመቶው መጎተቻው ላይ ማረፍ አለበት። ከኋላ ያለ ታንከር ሲሞላ ይህ ይቀንስና ተጎታቹ ቁልቁለት ላይ ጭራውን መወዝወዝ ይጀምራል።

እኔ አዲስ ሜዳ ላይ ተጎታች ይዤ በቀጥታ አልገባም። ዋናው መንገድ አጠገብ ሰፊ ቦታ ላይ ፈትቼው፣ በፒካፑ ብቻ እስከ መጨረሻው እሄዳለሁ። ከሳተላይት የተነሣ ምስል ይረዳል፤ ግን ምስሉ ትናንት የወደቀውን ዛፍና ዝናብ የቦረቦረውን ቦይ አያሳይም። ቢያንስ 30 ሜትር ስፋት ያለው ጠንካራ ሜዳ ካላየሁ እመለሳለሁ። አፈሩ ሸክላ ከሆነ ደግሞ ስገባ ደረቅ መሆኑ አያጽናናኝም፤ ከሰዓት በኋላ የሚመጣው የተራራ ዝናብ ግማሽ ሰዓት ዘንቦ መንገዱን ሳሙና ያደርገዋል። እንዲህ ሲሆን ሰንሰለት ከመፈለግ አንድ ቀን ጠብቆ እስኪደርቅ መተኛት ይሻላል። የደረቀ የወንዝ አልጋ ላይ፣ የሞተ ዛፍ ሥር፣ ብቻውን የቆመ ረጅም ዛፍ አጠገብ አይቆምም።

ሜዳ ስለሆነ ደልዳላ ነው ማለት አይደለም። በጋዝ የሚሠራ የምግብ ማቀዝቀዣ ካለዎት ቤቱ ካልተስተካከለ ማቀዝቀዣው ይበላሻል። የጎን ልዩነቱን ጎማ ሥር ሳንቃ በመደርደር፣ የፊትና የኋላውን በመጎተቻው ክሪክ ያስተካክሉ፤ ጥግ ላይ ያሉት እግሮች ቤቱ እንዳይወዛወዝ እንጂ ለማንሳት አይደሉም። ጋዙን በተመለከተ ፕሮፔን ብርድ አይፈራም፣ የሚተነው እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ነው። ቡቴን ግን ዜሮ ላይ ሲደርስ ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል። ሲሊንደሩ የሁለቱ ድብልቅ በሆነበት አገር ብርዱ ሲጠና ማሞቂያው የሚጠፋው ጋዙ ስላለቀ ላይሆን ይችላል።

እንግዲህ ማን የትኛውን?

መጀመሪያ ጊዜው ለሆነ ሰው፣ ከ9 ሜትር በላይ ለሚጎትት፣ ሕፃን ወይም በሌሊት የመተንፈሻ መሣሪያ የሚጠቀም ሰው ይዞ ለሚሄድ፦ ሸለቆው። ክርክር የለውም። አጠር ያለ ተጎታች ላለው፣ ወደ ኋላ መንዳት ለለመደና አስቀድሞ ቦታውን ለያዘ፦ ጫካው። ሜዳውን የምመክረው ቢያንስ አንድ ሙሉ የበጋ ወራት በሌሎቹ ላሳለፈና ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ በግምት ሳይሆን በልክ ለሚያውቅ ነው።

እኔ ራሴ አሁን የማደርገው ድብልቅ ነው። ቤቱን ሸለቆ ላይ ለሳምንት አቆመዋለሁ፤ ከዚያ ውስጥ አንዱን ወይም ሁለቱን ሌሊት በፒካፕ ወደ ላይ ወጥተን ድንኳን ውስጥ እናድራለን። ያ በእንጨት ድልድዩ ምክንያት ሳልደርስ የተመለስኩበት ሐይቅ ዳር ያደርኩትም በመጨረሻ በዚህ መንገድ ነው። ፎቶው አልዋሸም ነበር።

መነሻ ቀን ላይ ግን አይቸኩሉ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው ነው፤ የመጎተቻው መቆለፊያ፣ ሰንሰለቱ፣ የመብራቱ ገመድ፣ ድንገት ቢላቀቅ የተጎታቹን ፍሬን የሚይዘው ሽቦ፣ የጎማው አየር፣ ሁሉም አንድ በአንድ በእጅ ተነክቶ ይታይ። ታኮው የሚነሣው ከሁሉም በኋላ ነው። ቁልቁለቱን ጥቂት ኪሎ ሜትር ከወረዱ በኋላ ሰፊ ቦታ ላይ ይቁሙና የእያንዳንዱን የተጎታቹን ጎማ መሃል እጅዎን ሳይነኩ አስጠግተው ሙቀቱን ይለኩ። አራቱም እኩል ከሞቁ ደህና ነው። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ካቃጠለ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል ወይም ኩሽኔታው እየሄደ ነው፤ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው፣ ቀስ ብለው ሜካኒክ ወዳለበት ይውረዱ።